ሻማው ሳይወጣ እጅ እንዳይገባ

ሞተር ሻማ ሲበራለት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሰፈር ይበራለት ነበር። ያውም በደርግ ጊዜ፣ ያውም በቀበሌ ማኅተም ታዝዞ። ይህን ወሬ ስጀምር ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረው» ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ማጋነን እንደምወድ ጉለሌ በሙሉ ያውቃል፤ አልክድም። ይሄኛውን ግን እንዳለ ነው የማወራው። ቢበዛ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ጨው ጣል ባደርግ ነው፤ አልጫ ወሬ ደግሞ ማን ይበላል?

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ሸማኔ ነበርኩ። ሽሮ ሜዳ፣ ከአባቴ ጎን፣ እግሬን ከመሸመኛው ጉድጓድ ከትቼ ነው ያደግሁት። አባቴ ከጋሞ የመጣ፣ በቀን ሦስት ቃል የሚበቃው ሰው ነበር። አንዱ «ጠበቅ» ነው፤ ሁለቱን ረስቻቸዋለሁ። ዓይኑ እየደከመ ስለመጣ ጋቢውን እሱ ይሸምናል፣ ጥለት ያለውን ሥራ ሁሉ ግን እኔ ነበርኩ የምሠራው። ቤቱን የሚያበላው ደግሞ ጥለቱ ነበር። እናቴንና ሦስት እህቶቼን ጨምሮ የቤቱ ሰው በሙሉ በእኔ አሥር ጣቶች ነው ያደረው ማለት ይቻላል። ሸማኔ ምላሱን ቢያጣ ጎረቤት ያርፋል እንጂ ቤተሰብ አይራብም። እጁን ካጣ ግን አበቃ።

ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ወንዝ ዳር ቀበሌያችን የአትክልት እርሻ ነበረው። ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥር። እሑድ እሑድ ሁላችንም ዘመቻ እንወጣለን፤ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ በሦስት ኮሚቴ ፊት ያስረዳል። መጀመሪያ በዶማ ነበር የምንቆፍረው። በኋላ ከወዳጅ አገር አንድ የእጅ ትራክተር ተሰጠን። ከኋላ ሁለት እጀታ፣ ከመሃል ሞተር፣ ከሥር ደግሞ እንደ ጭልፊት ጥፍር የታጠፉ ስምንት ምላጮች አሉት። ገመዱን ስበው ሲያስነሱት ድምፁ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥቶ ዲያቆኑን ዜማ ያስተዋል። ሰፈሩ ወዲያው ስም አወጣለት፤ «በሬ ለምኔ»።

በሬ ለምኔ አብራው የመጣች መመሪያ ነበረችው፤ መመሪያዋ ግን በሩሲያኛ ነበረች። ደግነቱ ሩሲያ ተምሮ የተመለሰ ጓድ መስፍን የሚባል ሰው ነበረን። የተማረው ፍልስፍና ነው። ስለ ምላጭ ያለው እውቀት ፂሙን ከመላጨት አያልፍም። ሆኖም መዝገበ ቃላቱን ይዞ ሦስት ቀን በሩን ዘጋና ሁለት ገጽ ትርጉም ይዞ ወጣ። ወረቀቱ በታይፕ ተመታ፣ ማኅተም ተረገጠበት፣ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ተራ ቁጥር አራት እንዲህ ይላል፤ «ማንኛውም ጥገና ወይም ጽዳት ከመደረጉ በፊት ሻማው መውጣት አለበት።»

እንግዲህ ማኅተም ያለበት ወረቀት አይጠየቅም። ዕቃ ቤቱንም ማሽኑንም የሚጠብቁት ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ የድሮ ወታደር ነበሩ፤ በወታደር ደንብ ትእዛዙን ተቀበሉ። ከቀበሌው አንድ ፓኮ ሻማ አስፈቀዱና ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀመጡ። በሬ ለምኔ ጭቃ ሲሞላበት ወይም ሥር ሲጠመጠምበት መጀመሪያ ሻማውን ከሣጥኑ ያወጡታል። ወጥቶ ምን እንደሚሆን ወረቀቱ አይናገርም። ጋሽ ወንድይፍራው ግን ወጥቶ ካልበራ ሻማ ምን ይረባል ብለው ያበሩታል። ቤንዚን መኖሩን ስለማይረሱ ደግሞ ከማሽኑ ራቅ አድርገው ድንጋይ ላይ ያቆሙታል። ሥራው ሲያልቅ እፍ ብለው ወደ ሣጥኑ ይመልሱታል።

ይሄ ነገር ወደ ሃይማኖት እንዳይሄድ የሠጋ ሰው አልጠፋም። ጉዳዩ በአንድ ስብሰባ ላይ ተነሳ። ሊቀመንበራችን ጓድ ግርማ ጥቂት አሰበና ጉዳዩን ዘጋው፤ ይህ የቤተ ክርስቲያን ሻማ ሳይሆን ቴክኒካዊ ሻማ ነው አለ። አጨበጨብን። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሻማው ይሠራ ነበር። በሬ ለምኔ አሥር ጊዜ ተጸድቶ የአንድ ሰው ጥፍር እንኳ አልተላጠም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አሁን ወደ እሑዷ ልግባ።

ግንቦት ነው፤ ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጥርስ ያፋጫል፤ ጋሽ ወንድይፍራው ጋቢያቸውን ደርበው በሬ ለምኔን ይነዳሉ። እኔ ወንዙ ዳር የተነቀለ ድንች እለቅማለሁ፤ ማለቴ፣ የሚለቅሙትን ሰዎች አስቃለሁ። ድንገት ሞተሩ ታፍኖ ጠፋ። ቀና ብለን ስናይ ጋሽ ወንድይፍራው በሸሚዛቸው ብቻ ቆመዋል። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ ምላጩ የጋቢውን ጫፍ ይዞ ውጦታል። ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውት ስለነበር አመለጡ እንጂ አንገታቸው ላይ ጠምጥመውት ቢሆን ኖሮ ይህን ወሬ በሳቅ አላወራውም ነበር።

ሰው ተሰበሰበ። ጋቢው ስምንቱ ምላጭ መሃል ገብቶ ድርና ማጉ ተደበላልቋል። አንዱ በቢላዋ ቆርጠን እናውጣው አለ። ጋሽ ወንድይፍራው ፊታቸው ተለዋወጠ። ጋቢው የመጨረሻ ሴት ልጃቸው የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ቀን የገዛችላቸው ነው። የሸመነው ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን አባቴ ነው።

እኔ ታዲያ ዝም እላለሁ? ድንቹን ጥዬ መጣሁ።

«ክር የተጠላለፈበት ነገር ሲገኝ ሸማኔ ነው የሚጠራው» አልኩ። «አንዲት ክር ሳልበጥስ አወጣዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ ዘውዴ?» አሉኝ ጋሽ ወንድይፍራው።

«ሻማው ይውጣልኝ እንጂ!»

ሻማው ወጣ። ከፓኮው የቀረችው ቁራጭ አንድ ብቻ ነበረች። ድንጋዩ ላይ ቆማ በራች። አንድ ሰው ሌላ ፓኮ ሊያመጣ ድልድዩ አጠገብ ወዳለው ሱቅ ተላከ። እኔ እርጥቡ አፈር ላይ በደረቴ ተኛሁና ቀኝ እጄን ምላጮቹ መሃል ሰደድኩ።

ሥራው መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። የአባቴን እጅ በጨለማ ሳይቀር አውቀዋለሁ፤ እሱ ጠበቅ ያደረገው ጋቢ ጠርዙ ይናገራል። ጫፉን አገኘሁት። ምላጩን በቀስታ ወደ ኋላ እየገፋሁ አንድ ዙር ፈታሁ፤ ሁለት ዙር ፈታሁ። ሰው ሁሉ ሲያደንቀኝ እየሰማሁ ነው። ልቤ አበጠች። ስለ ሽመና አንዳንድ ቀልድ ጣል ማድረግም ጀመርኩ።

ሦስተኛውን ዙር ስገፋ ሞተሩ «ትፍ» አለ።

አንዴ ብቻ ነው፤ እንደ ሽማግሌ ሳል። ግን ምላጮቹ ከእጄ ሥር ተነሥተው ሩብ ዙር ዞሩና ቆሙ። ጋቢው አንጓዬን ጠመጠመው፤ አንዱ ምላጭ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ያዙኝ። ልስበው ስል ቆዳዬ ተሰነጠቀ። ልገፋው ስል ሞተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ሲወጠር ተሰማኝ። እንደ ተወጠረ ድር ነው፤ ትንሽ ብትነኩት የሚፈነዳ።

ቀልዴን አቆምኩ። በሕይወቴ ቀልድ ያቆምኩባት የመጀመሪያዋ ሰዓት እሷ ነች።

በዚህ መሃል ጓድ ግርማ ደረሰ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ከልቡ ደነገጠ። ነገር ግን ሰውዬው ሊቀመንበር ስለሆነ ሲደነግጥ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስብሰባ። እኔ ተኝቼ፣ እጄ ማሽን አፍ ውስጥ ሆኖ፣ እነሱ ዙሪያዬን ቆመው ስብሰባ ተጀመረ። ጓድ ግርማ ሁለት አማራጭ አቀረበ። አንደኛው እጁን መሳብ ነው፤ ተሞክሮ አልሆነም። ሁለተኛው የማስነሻውን ገመድ በዝግታ ስቦ ምላጮቹ ግማሽ ዙር እንዲዞሩና እጁን እንዲለቁት ማድረግ ነው። አንድ አዛውንት ሞተሩ ቢነሳስ ብለው ጠየቁ። ሁሉም ዞሮ ድንጋዩን አየ። ሻማዋ ትበራለች። መመሪያው ተሟልቷል።

ጓድ ግርማ ድምፅ እንስጥ አለ። አሁን የምነግራችሁን ሳላጋንን ነው የምነግራችሁ፤ እኔም ግራ እጄን አውጥቼ ደገፍኩ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ጓድ ግርማ ገመዱን ጨበጠ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከአቡነ ዘበሰማያት ላይ ግማሹን ረሳሁት።

«ይሄ ነው ሻማ የሚበላው ሞተር?» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ።

ባለ ሱቋ እትዬ ዘይነባ ነበሩ። የወሎ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው የአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሞተ በኋላ ጋራዡን ሞልቶት የነበረውን መለዋወጫ ከስኳሩና ከሳሙናው ጎን ደርድረው እየሸጡ ልጆች ያሳድጋሉ። አንድ ሞተር ይህን ሁሉ ሻማ ምን እንደሚያደርገው ሲገርማቸው ከርሞ፣ የዚያን ቀን ፓኮውን ለተላከው ሰው ከመስጠት ይልቅ ራሳቸው ይዘውት መጡ። መጀመሪያ ሻማዋን አዩ። ቀጥሎ ገመዱን የጨበጠውን ሊቀመንበር አዩ። መጨረሻ እኔን አዩኝ።

«አንተ ግርማ» አሉ ቀስ ብለው። ጓድ ሳይባል ስሙ ሲጠራ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። «ገመዱን አትልቀቀው፣ አትሳበውም። እንደያዝከው ቁም። ወረቀቱ ምን ይላል?»

ጋሽ ወንድይፍራው ተራ ቁጥር አራትን በቃላቸው አሉት፤ ሻማው መውጣት አለበት።

«ሻማ?» አሉ እትዬ ዘይነባ። ከሻማዋ ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ወደ ሻማዋ አዩ። ያቺ መመላለስ ስንት ደቂቃ እንደቆየች አላውቅም፤ በእኔ ሰዓት ከሁዳዴ ጾም ትረዝማለች። «ሻማ... ሻማ...» ካሉ በኋላ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ባሌ አላህ ይዘንለትና፣ ጣልያን ሻማን ምን እንደሚለው ነግሮኝ ያውቃል። ካንዴላ ነው የሚለው። እናንተ ሰዎች፣ ይውጣ የተባለው ካንዴላው ነው!»

ካንዴላን የማያውቅ ይኖራል ብዬ አልሰጋም፤ ቢሆንም ልንገራችሁ። ሞተሩ ራስ ላይ የተተከለች፣ እሳት የምትጭር ትንሽ ዕቃ ነች። እሷ እስካለች ድረስ ሞተሩ ጠፋ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። እያንቀላፋ ነው።

እትዬ ዘይነባ የሻሻቸውን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠመጠሙና ከካንዴላው ራስ ላይ ጥቁሩን የሽቦ ቆብ «ጧ» አድርገው ነቀሉት። ሽቦውን ወደ ጎን ቆልምመው አራቁት።

«አሁን ገመዱን ልቀቅ» አሉት ጓድ ግርማን። እጁ ደርቆበት ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው የፈታው።

ከዚያ ሞተሩ ከምላጮቹ እንዲላቀቅ ማርሹን አወጡ። ሁለት ሰው ምላጮቹን ግራና ቀኝ በጨርቅ አስያዙና በርከክ ብለው እጄን አዩት።

«ጋቢው መቆረጥ አለበት፤ የአባትህ ሥራ ነው አሉ» አሉኝ።

አንዲት ክር አልበጥስም ብዬ ፎክሬ ነበር። «ቁረጡት» አልኩ። «ከፈለጋችሁ ሸሚዜንም ጨምራችሁ ቁረጡት።»

በቢላዋ ቆረጡት። ምላጩ ላላ አለ፤ እጄ ወጣ። አንጓዬ ላይ እንደ አምባር ዙሪያውን የተሰነጠቀ ቆዳ አለ፤ ይደማል። ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ። አምስቱም ታዘዙ። ጋሽ ወንድይፍራው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው አፍንጫቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

እትዬ ዘይነባ ግን አልጨረሱም። ሁላችንንም ገለል በሉ አሉን። ማርሹን መለሱ፣ የሽቦውን ቆብ መለሱ፣ ጓድ ግርማን እጀታውን አስያዙና አሁን በዝግታ ሳበው አሉት፤ ቅድም ልትስበው በነበረው ልክ።

ሳበው። በመጀመሪያው ነው የተነሳው። በሬ ለምኔ ተንጠራርቶ ጓድ ግርማን አንድ መደብ ጎመን ላይ ጎተተው፤ ምላጮቹ መሃል የቀረው የጋቢው ቁራጭ ሁሉ ተቦጭቆ ወደ ላይ ተበተነ። እትዬ ዘይነባ ሞተሩን አጠፉት። አባቴ ጠበቅ አድርጎ የሸመነው ነገር ተመልሶ ባዘቶ ሆኖ ትከሻችን ላይ እየረገፈ ነበር። እኔ እጄን ብብቴ ሥር ደብቄ ቆሜያለሁ። ማንም ማንንም አላየም።

ጓድ መስፍን ከሰዓት ተጠርቶ መጣ። መዝገበ ቃላቱን ይዞ ነው የመጣው። በሩሲያኛ ሻማም ካንዴላም አንድ ቃል መሆናቸውን ገልጦ አሳየን። እውነቱን ነው፤ ሰውዬው አልተሳሳተም። ትርጉሙ ትክክል፣ ማኅተሙ ትክክል፣ ድምፁ የሙሉ ጉባኤ፤ ሊጎድል የነበረው የእኔ እጅ ብቻ ነበር።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ ወሬውን ሰምቷል። እጄን ተቀብሎ እንደ ተጠናቀቀ ሥራ ወደ ብርሃን አቀረበው። አገላበጠው፣ ጣቶቼን በየተራ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ አውራ ጣቴን አጠፈ ዘረጋ። ስለ ጋቢው ይቅርታ ልጠይቀው ጀመርኩ።

«ጋቢ እሠራለሁ» አለ። «እጅ አልሠራም።»

ቆጥሬዋለሁ፤ አራት ቃል ነው። ከዕለት ድርሻው አንድ አልፏል። ያን ሌሊት አጠገቤ ተኝቶ እጄን ይዞ አደረ፤ ለጋሽ ወንድይፍራው ጋቢም በማግስቱ ድር አደራ።

እኔ ደግሞ በማግስቱ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ሄድኩና የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ንገሩኝ አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ቀጥለው አንድ የዛገ ካንዴላ እጄ ላይ ጣሉልኝና ስለሱ የማውቀውን ሁሉ እንድናገር ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። «እንዲህ ከሆነ ትማራለህ» አሉኝ። ወር ሳይሞላ የበሬ ለምኔ ጠባቂ ጋሽ ወንድይፍራውና እኔ ሆንን። ዛሬ ጠዋት ጠዋት እሸምናለሁ፣ ከሰዓት የወፍጮና የውሃ መሳቢያ ሞተር እጠግናለሁ። ሰፈሩ «ግማሽ ሸማኔ» ይለኛል፤ ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ብዙዎቻችሁ መሬት የሚቆፍር ሞተር የላችሁም። ያላችሁ ግን ስሙኝ። ቆሟል ብላችሁ አትመኑት። የካንዴላውን ሽቦ ንቀሉና አርቁት፤ እንዲያውም ካንዴላዋን ፈትታችሁ ኪሳችሁ ክተቷት፣ ያኔ ማንም ደግ ሰው ሊረዳችሁ ብሎ ገመድ አይስብባችሁም። እስኪቀዘቅዝ ቁጭ በሉ። ማርሹን አውጡ። የተጠመጠመውን ነገር በእጃችሁ ሳይሆን በእንጨት ጎትቱት፤ ካልወጣ ቁረጡት፣ የንጉሥ ካባም ቢሆን።

የቀራችሁት ደግሞ ይቺን ስሙኝ። ከዚያ እሑድ በኋላ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ወንድይፍራው የሻማው ነገር ገርሟቸው ያውቃል። ጓድ ግርማ ገርሞት ያውቃል። ያ «ቴክኒካዊ» ያለው ቃል የመጣው ከድንጋጤ ነው፤ ለእኔ ብቻ ነግሮኛል። እኔም ለብቻዬ ስቄበት አውቃለሁ። ሁላችንም አልገባንም፤ ሁላችንም ሌላው ገብቶታል ብለን ዝም አልን። ዘመኑ ጥያቄ የሚወደድበት አልነበረም፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ሁሉን በዘመን ማሳበብም ደግ አይደለም፤ የእኔ ዝምታ ከፍርሃት ይልቅ አዋቂ መስሎ ከመታየት የመጣ ነበር። እጄን ያስያዘኝ ማሽኑ አይደለም።

ሱቄ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ጋቢ ከሚሰቀልባቸው ቤቶች መሃል የዘይት ሽታ ያለባትን ፈልጉ። ሞተራችሁ ቢቆም ኑ። ምን እንደሆነ ስትጠይቁኝ አንዳንዴ አላውቅም እላችኋለሁ። አትቆጡ፤ እሷን ቃል ለመማር የከፈልኩት አንድ ጋቢ ነው፤ ተመልሼ ሳስበው ርካሽ ነበረች።